በሰመመን የተኛን ሰው ትንፋሽ ማን ይጠብቃል?

ጤነኛ ሰው ትንፋሹን አያስታውሰውም። ዳገት ሲወጣ ወይም ጉንፋን ሲይዘው ካልሆነ በቀር፣ ቢሠራም ቢተኛም ሳምባው ማንም ሳያዘው ሥራውን ይሠራል። ተኝቶ ሳለ አየር ቢያጥረው ይገላበጣል፣ ያስላል፣ ይነቃል። በኦፕራሲዮን ጠረጴዛ ላይ በማደንዘዣ መድኃኒት የተኛ ሰው ግን ይህን ሁሉ ማድረግ አይችልም። ምላሱ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ጉሮሮውን ቢዘጋው አያስልም፤ ትንፋሹ ቢቆም አይነቃም። ስለዚህ እርሱ ለራሱ ሊያደርገው ያልቻለውን ነቅቶ የሚያደርግለት ሌላ ሰው ያስፈልገዋል። ያ ሰው ማን ነው? ምን ምን ይመለከታል? መመልከቱንስ ከየት ተማረው? በዚህ ጽሑፋችን የምንመረምረው ይህንኑ ነው።

ጥያቄውን እንድናነሣ ያደረገን የጎረቤታችን የሐርጌሳ ከተማ ታሪክ ነው። እንደሚታወቀው ሐርጌሳ በእንግሊዝ አስተዳደር ዘመን፣ በ1941፣ በበርበራ ምትክ የሶማሊላንድ ዋና ከተማ ሆነች፤ በ1953ም ትልቁ የሕዝብ ሆስፒታሏ ተሠራ። በ1988 በዚያድ ባሬ መንግሥትና በሶማሊ ብሔራዊ ንቅናቄ መካከል በተደረገው ጦርነት ግን ከተማዋ ከአየርም ከምድርም ተደብድባ አብዛኛው ክፍሏ ፈረሰ። ሕዝቧ ድንበር አቋርጦ ወደ ኢትዮጵያ ገባ፤ በጅጅጋ አካባቢ የተቋቋመው የሐርትሼክ መጠለያም በዘመኑ በዓለም ከነበሩት ትልልቅ የስደተኞች መጠለያዎች አንዱ ሆነ። ሐኪሙም፣ ነርሱም፣ አስተማሪውም ከሕዝቡ ጋር ተበተነ። ሰው ወደ ቀየው መመለስ ሲጀምር ከተማዋን ሁለት ጥያቄዎች ገጠሟት። የፈረሰው ግድግዳ እንዴት ይቆማል? የተበተነው ሙያስ እንዴት ይተካል? ግድግዳ በአንድ በጋ ሊቆም ይችላል፤ የታማሚን ትንፋሽ መጠበቅ የሚያውቅ ሰው ግን በአንድ በጋ አይገኝም።

ዛሬ ከሐርጌሳ ክፍለ ከተሞች አንዱ በሆነው በማሕሙድ ሃይቤ የምትኖር አንዲት እናት ምጥ ቢጸናባትና በኦፕራሲዮን እንድትወልድ ቢወሰን፣ በደህና ወደ ልጆቿ መመለሷ በቀዳጁ ሐኪም እጅ ብቻ የሚወሰን አይደለም። በራስጌዋ ቆሞ ትንፋሿን በሚከታተለው ሰው ዕውቀትና ትጋትም ይወሰናል። የዚያን ሰው ሙያ ለመረዳት በመጀመሪያ ሙያው በዓለም ላይ እንዴት እንደ ተፈጠረ እንመለከታለን፤ ቀጥለን ወደ ሐርጌሳና ወደ አገራችን እንመለሳለን። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ደስታና የመጀመሪያው ሞት

ከ1846 በፊት ኦፕራሲዮን ማለት ታማሚውን በጉልበት አስይዞ በተቻለ ፍጥነት መቁረጥ ማለት ነበር። ኦክቶበር 16 ቀን 1846 በአሜሪካ በቦስተን ከተማ፣ በማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል፣ ዊልያም ሞርተን የተባለ የጥርስ ሐኪም በኢተር ትነት አንድ ታማሚ አስተኝቶ ያለ ሥቃይ ኦፕራሲዮን እንዲደረግለት አስቻለ። ወሬው በወራት ውስጥ አውሮፓን አዳረሰ። በሚቀጥለው ዓመት በስኮትላንድ፣ በኤድንበርግ፣ ጄምስ ሲምፕሰን የተባለ የማዋለድ ሐኪም ክሎሮፎርምን አስተዋወቀ። ክሎሮፎርም ከኢተር ይልቅ ሽታው ደስ የሚል፣ ቶሎ የሚያስተኛና በመሐረብ ላይ በማንጠብጠብ ብቻ የሚሰጥ በመሆኑ ብዙዎች መረጡት።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ጃንዋሪ 28 ቀን 1848 በሰሜን እንግሊዝ ሐና ግሪነር የተባለች የ15 ዓመት ልጅ የእግር ጣት ጥፍሯ እንዲወጣላት ክሎሮፎርም ተሰጣትና በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ሞተች። ለጥፍር የመጣ ልጅ በመድኃኒቱ መሞቱ ሐኪሞችን አስደነገጠ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሥቃይን ማጥፋት ብቻውን በቂ እንዳልሆነ፣ የተኛውን ሰው ወደ ሕይወት መመለስም ራሱን የቻለ ሙያ እንደሆነ መታወቅ ጀመረ።

ይህን ሙያ በጥናት ላይ ለመመሥረት ቀድሞ ከተነሡት ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው ጆን ስኖው ነው። መምህራን ይህን ስም በ1854 በለንደን የኮሌራ ወረርሽኝን ከአንድ የውኃ ፓምፕ ጋር በማያያዙ ያውቁታል። ስኖው ግን በየዕለቱ እንጀራውን የሚያገኘው ማደንዘዣ በመስጠት ነበር። በ1847 ባሳተመው ጽሑፍ ሰመመንን በደረጃ ከፍሎ፣ በየደረጃው የታማሚው አተነፋፈስና ዐይን ምን እንደሚመስል ዘረዘረ። ኮሌራን በካርታ ላይ የተከታተለው ዐይን በሰመመን የተኛን ሰው ደረትም በተመሳሳይ ጥንቃቄ ተከታትሏል ማለት ነው።

ትንፋሽ ወይስ የልብ ትርታ?

ክሎሮፎርም ሰዎችን የሚገድለው እንዴት ነው? በዚህ ላይ ሐኪሞች በሁለት ወገን ተከፈሉ። በለንደን ብዙዎቹ ልብን ያቆማል ብለው ስላመኑ ጣታቸውን ከታማሚው የደም ሥር ላይ አያነሡም ነበር። የኤድንበርጉ የጀምስ ሳይም ተከታዮች ግን መጀመሪያ የሚቆመው ትንፋሽ ስለሆነ መጠበቅ ያለበት ትንፋሽ ነው አሉ።

ክርክሩን ለመቁረጥ የተደረገው ጥናት በሕንድ አገር በሃይደራባድ ነበር። የከተማዋ ገዥ ኒዛም ወጪውን ሸፍኖ በ1888 እና በ1889 ሁለት ኮሚሲዮኖች ተቋቋሙ። መሪው የሳይም ደቀ መዝሙር የነበረው ኤድዋርድ ሎሪ ነው። በሁለተኛው ኮሚሲዮን ላይ «ላንሴት» የተባለው የሕክምና መጽሔት ከለንደን ሎደር ብረንተን የተባለውን ሳይንቲስት ላከ። በብዙ እንስሳት ላይ ተሞክሮ ከልብ በፊት ትንፋሽ እንደሚቆም ተመዘገበ፤ ማደንዘዣ የሚሰጥ ሰውም የደም ሥርን ትቶ ትንፋሽን ብቻ እንዲመለከት ተመከረ።

ይሁን እንጂ ታሪኩ በዚህ አላበቃም። በ1911 ጉድማን ሌቪ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በቀላሉ የተሰጠ ክሎሮፎርም ልብን በድንገት አንቀጥቅጦ ሊያቆም እንደሚችል አሳየ። እንግዲህ ሁለቱም ወገኖች ከእውነቱ ከፊሉን ይዘው ነበር ማለት ነው። ጠባቂ አንዱን ምልክት መርጦ ሌላውን የሚተው ከሆነ፣ የተወው ምልክት አንድ ቀን ታማሚውን ያስከፍለዋል። ለታሪክ ተማሪዎች ይህ ክርክር ጥሩ ምሳሌ ነው፤ በመልካም ሙከራ የተደገፈ መደምደሚያም ቢሆን ከተመለከተው በላይ ሲናገር ሊሳሳት ይችላል።

ወረቀትና ሠንጠረዥ የጠባቂው ረዳት

መመልከት ሳይመዘገብ ሲቀር ይረሳል። በ1894 እና በ1895 በቦስተን ሁለት ወጣቶች፣ ሃርቪ ኩሺንግና አሜሪ ኮድማን፣ ኢተር በሚሰጡበት ጊዜ የታማሚውን የልብ ትርታና አተነፋፈስ በየጊዜው በወረቀት ላይ መመዝገብ ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ የሰመመን መዝገብ በየአገሩ የኦፕራሲዮን ክፍል ደንብ ሆነ። ኩሺንግ በኋላ ስሙ የታወቀ የአንጎል ቀዳጅ ሆኖ፣ በ1908 ስቴቶስኮፕ በታማሚው ደረት ላይ ተለጥፎ ሥራው እስኪያልቅ እንዲደመጥ መከረ። ይህ ርካሽ ዘዴ ትርታንና ትንፋሽን በአንድነት ያሰማል።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በፈረንሳይ ግንባር የነበረው አሜሪካዊው አርተር ጌደል ደግሞ ለመምህራን የቀረበ ሥራ ሠራ። ቁስለኛው ብዙ፣ ማደንዘዣ የሚሰጥ ሐኪም ጥቂት ስለነበር ነርሶችንና ረዳቶችን ማሠልጠን ግድ ሆነበት። የኢተርን ደረጃዎች በአንድ ሠንጠረዥ ላይ አሰፈረ፤ በየደረጃው ትንፋሹ ምን ይመስላል፣ የዐይን ብሌን እንዴት ይንቀሳቀሳል የሚለውን በሥዕል አሳየ። ራሱ በሞተር ሳይክል ከሆስፒታል ሆስፒታል እየዞረ ያስተምርና ይቆጣጠር ነበር። በግድግዳ ላይ የተለጠፈ የማስተማሪያ ሠንጠረዥ የሰው ሕይወት እንደሚያድን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አናገኝም።

ዐይን ሲታለል

ይሁንና የሰው ዐይን ወሰን አለው። ኦክሲጅን ያጠረው ሰው ከንፈሩና ጥፍሩ ሰማያዊ ይሆናል ተብሎ ለረጅም ዘመን ተሠርቶበታል። በ1947 ኮምሮና ቦቴልሆ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ይህ ምልክት አስተማማኝ አለመሆኑን አሳዩ። ብዙዎቹ ተመልካቾች የቀለሙን መለወጥ በእርግጠኝነት የለዩት የደሙ የኦክሲጅን ሙሌት ወደ 80 በመቶ ገደማ ከወረደ በኋላ ነበር። በባሕር ወለል ላይ የሚኖር ጤነኛ ሰው ሙሌት ከ95 በመቶ በላይ መሆኑን ስናስታውስ፣ ዐይን አደጋውን የሚያየው ከዘገየ በኋላ መሆኑን እንረዳለን።

በ1952 በዴንማርክ፣ በኮፐንሃገን የብሌግዳም ሆስፒታል የደረሰው ነገር ደግሞ ሌላ ትምህርት ሰጠ። የፖሊዮ ወረርሽኝ የብዙዎችን የመተንፈሻ ጡንቻ አሽመደመደ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በጽኑ ከታመሙት 31 ሰዎች 27ቱ ሞቱ። ኦክሲጅን ይሰጣቸው ስለነበር የአንዳንዶቹ ቀለም ደህና ይመስል ነበር። ብዮርን ኢብሰን የተባለው የሰመመን ሐኪም ግን የሚገድላቸው በደማቸው ውስጥ የሚጠራቀመው የተቃጠለ አየር፣ ማለትም ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ መሆኑን ተገነዘበ። ጉሮሮ ተበስቶ ቧንቧ ገባ፤ 1,500 ያህል የሕክምና ተማሪዎችም በየተራ እየተፈራረቁ በጎማ ከረጢት ቀንና ሌሊት በእጃቸው አስተነፈሷቸው። የሟቾቹ ቁጥርም ከግማሽ በታች ወረደ።

ከዚህ ታሪክ አንድ መሠረታዊ ነጥብ እናገኛለን። መተንፈስ ሁለት ሥራ ነው፤ ኦክሲጅን ማስገባትና የተቃጠለውን አየር ማስወጣት። የመጀመሪያውን ብቻ የሚመለከት ጠባቂ ግማሹን ብቻ ያያል።

ጉዳዩን ይበልጥ አስቸኳይ ያደረገው ደግሞ በ1942 በካናዳ ወደ ሰመመን ሥራ የገባው ኩራሬ የተባለው ጡንቻን የሚያዝል መድኃኒት ነው። ለቀዳጁ ሥራውን አቀለለለት፤ ታማሚውን ግን በራሱ እንዳይተነፍስ አደረገው። በ1954 በአሜሪካ ቢቸርና ቶድ ያወጡት በ10 ሆስፒታሎች 599,548 ሰመመኖችን የመረመረ ጥናት እንዲህ ያለ መድኃኒት በተሰጠበት ጊዜ ከሰመመን ጋር የተያያዘ ሞት ወደ 6 እጥፍ ገደማ ከፍ ብሎ መገኘቱን ገለጸ።

አደገኛው ሰዓት ከኦፕራሲዮን በኋላ

ብዙ ሰው ኦፕራሲዮኑ ካለቀ አደጋው አለፈ ብሎ ያስባል። እንዲያውም ሁሉም የሚበተነው በዚህ ሰዓት ነው፤ ቀዳጁ እጁን ሊታጠብ ይሄዳል፣ ቤተሰብ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል፣ ታማሚው በቃሬዛ ይወጣል። በሰውነቱ ውስጥ ግን የማደንዘዣው፣ የሕመም ማስታገሻውና የጡንቻ ማዝያው ቅሪት አለ። ሞርፊንና ወገኖቹ የትንፋሽን ቁጥር ይቀንሳሉ። የዛለ ምላስ ጉሮሮን ይዘጋል። ማንኮራፋት በቤት የእንቅልፍ ምልክት ቢሆንም በዚህ ሰዓት የአየር መንገድ የመጥበብ ምልክት ነው፤ የሚያንኮራፋው ሰው በድንገት ዝም ካለ ደግሞ የባሰ ሊሆን ይችላል። ለዚህ መፍትሔው ብዙ ጊዜ ቀላል ነው፤ መንጋጋን ወደ ፊት ማንሣት፣ ታማሚውን በጎኑ ማስተኛት፣ ኦክሲጅን መስጠት። ነገር ግን የሚያደርገው ሰው በአጠገቡ መኖር አለበት።

ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ1863 ባሳተመችው ጽሑፍ ታማሚዎች ከኦፕራሲዮን ክፍል አጠገብ ባለ ትንሽ ክፍል እስኪነቁ የሚቆዩበትን ልማድ ጠቅሳለች። ይሁን እንጂ ማገገሚያ ክፍል በስፋት የተለመደው ከ1940ዎቹ ወዲህ ነው። በ1947 በፊላዴልፊያ የሞት መንስኤዎችን ሲመረምር የቆየ ኮሚሲዮን፣ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ከደረሱት ሞቶች ግማሽ ያህሉን መከላከል ይቻል እንደነበር አስታወቀ።

ታማሚው መቼ ነው ከማገገሚያ ክፍል የሚወጣው? በ1970 አንቶኒዮ አልድሬቴ የተባለ በሜክሲኮ የተወለደ ሐኪም ለዚህ መልስ አቀረበ። ቨርጂኒያ አፕጋር የተባለችው የሰመመን ሐኪም በ1953 ለተወለዱ ሕፃናት ያወጣችውን የነጥብ አሰጣጥ አርአያ አድርጎ አምስት ነገሮችን መረጠ፤ እነርሱም እንቅስቃሴ፣ ትንፋሽ፣ የደም ግፊት፣ ንቃትና የቆዳ ቀለም ናቸው። ለእያንዳንዱ 0፣ 1 ወይም 2 ነጥብ ይሰጣል፤ ድምሩ ከ10 ይታሰባል። በጥልቀት መተንፈስና ማሳል የሚችል ታማሚ በትንፋሽ 2 ያገኛል፤ ትንፋሹ አጭርና የተቸገረ 1፤ የማይተነፍስ 0። ነጥብ መስጠት ለመምህር እንግዳ ሥራ አይደለም። የዚህ ዘዴ ትልቅ ጥቅሙ ያለ ምንም ውድ መሣሪያ፣ በዐይን፣ በጆሮና በእጅ የሚሠራ መሆኑ ነው።

ጣት ላይ የሚታሰረው ብርሃን

በ1974 በጃፓን ኒሆን ኮደን በተባለው ኩባንያ የሚሠራው መሐንዲስ ታኩኦ አዮያጊ በጆሮ በኩል በሚያልፍ ብርሃን አማካይነት ከልብ የሚወጣውን የደም መጠን ለመለካት ይሞክር ነበር። የደም ሥሩ ትርታ ልኬቱን እያወዛወዘ አስቸገረው። ያስቸገረውን ውዝዋዜ ለማጥፋት ሲጥር ግን ውዝዋዜው ራሱ የኦክሲጅንን መጠን እንደሚናገር ደረሰበት። ኦክሲጅን የያዘ ደም ደማቅ ቀይ፣ ያልያዘው ጠቆር ያለ ነው፤ ስለዚህ ቀይ ብርሃንና ለዐይን የማይታየውን ኢንፍራሬድ ብርሃን በተለያየ መጠን ያስቀራሉ። መሣሪያው በእያንዳንዱ ትርታ የሁለቱን ብርሃን ልዩነት አስልቶ ሙሌቱን በመቶኛ ያሳያል። ፐልስ ኦክሲሜትር የሚባለው ይህ ነው። አዮያጊ በ2020 ዐረፈ።

ሌላው መሣሪያ ካፕኖግራፍ ይባላል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ኢንፍራሬድ ብርሃንን እንደሚያስቀር በማወቅ፣ ጀርመናዊው ካርል ሉፍት በ1943 መለኪያውን ሠራ፤ በ1970ዎቹ በሆላንድ በኦፕራሲዮን ክፍሎች በሰፊው ተሠራበት። ታማሚው ባስተነፈሰ ቁጥር በመስኮቱ ላይ አንድ ጉብታ ይሳላል። ጤነኛ ሰው በትንፋሹ መጨረሻ የሚያወጣው ከ35 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይለካል። ትንፋሹ ሲቆም ጉብታው ወዲያውኑ ጠፍቶ መስመሩ ይተኛል። ወደ አየር ቧንቧ መግባት የነበረበት ቱቦ በስሕተት ወደ ምግብ ቧንቧ ቢገባም መሣሪያው ያጋልጣል።

በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ማስተዋል ይገባል። ተጨማሪ ኦክሲጅን ሲሰጠው የቆየ ታማሚ ትንፋሹ ቢቆምም በሳምባው የተከማቸው ኦክሲጅን ለደቂቃዎች ያቆየዋል፤ ኦክሲሜትሩም በእነዚያ ደቂቃዎች ደህና ቁጥር ያሳያል። ካፕኖግራፉ ግን የቀረውን ትንፋሽ በሰከንዶች ውስጥ ይናገራል። አበው «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ያሉት ለዚህ የሚስማማ ነው።

ለእኛ አካባቢ ሰዎች ሁለት ተጨማሪ ጉዳዮች አሉ። አንደኛው የቆዳ ቀለም ነው። በ2020 በአሜሪካ የወጣ ጥናት ኦክሲሜትር በጥቁሮች ላይ የኦክሲጅንን እጥረት ሳያሳይ የሚያልፍበት ጊዜ በነጮች ላይ ከሚያልፍበት ወደ 3 እጥፍ የሚጠጋ መሆኑን ገልጿል። ሁለተኛው ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ላይ ስለምትገኝ በአየሯ ውስጥ ያለው የኦክሲጅን ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ሐርጌሳም 1,300 ሜትር ያህል ከፍታ አላት። ስለዚህ ቁጥሩን የሚያነብ ሰው የቆመበትን ምድርና የታማሚውን ቆዳ አብሮ ማሰብ አለበት።

በ1986 የአሜሪካ የሰመመን ሐኪሞች ማኅበር ለሁሉም የሚሆን የክትትል ደንብ ሲያወጣ፣ በመጀመሪያ ደረጃ ያስቀመጠው መሣሪያ አልነበረም። የሠለጠነ ሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከክፍሉ እንዳይወጣ አዘዘ። በ2018 የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የሰመመን ሐኪሞች ማኅበራት ፌዴሬሽን ባወጡት ደረጃም የሠለጠነው ሰው ያልተቋረጠ መገኘትና ኦክሲሜትር ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በ1993 በዴንማርክ 20,802 ታማሚዎችን ይዞ የተደረገ ጥናት፣ ኦክሲሜትር የታሰረላቸው ታማሚዎች የኦክሲጅን መውረድ 19 እጥፍ ያህል ተለይቶ እንደታወቀ፣ በሞት ቁጥር ግን ግልጽ ልዩነት እንዳልታየ አመለከተ። በእነዚያ ሆስፒታሎች ሞቱ ቀድሞውኑ ጥቂት ስለነበር ጥናቱ መሣሪያው አይጠቅምም አያሰኝም። ማስጠንቀቂያ ሕይወት የሚያድነው ሰምቶ የሚያደርገውን የሚያውቅ ሰው ሲኖር መሆኑን ግን ያስታውሰናል።

ሐርጌሳና እኛ

አሁን ወደ ተነሣንበት ከተማ እንመለስ። ወይዘሮ ኤድና አዳን ኢስማኤል በ1937 በሐርጌሳ ተወለዱ። አባታቸው ዶክተር አዳን ኢስማኤል በአገሩ የታወቁ ሐኪም ነበሩ፤ ልጃቸውም አባታቸው በበቂ መሣሪያ እጦት ሲቸገሩ እያዩ አደጉ። በእንግሊዝ አገር ነርስነትና አዋላጅነት ተምረው ተመለሱ፤ ኋላም በዓለም ጤና ድርጅት አገለገሉ። ከጦርነቱ በኋላ ያላቸውን ጥሪት አውጥተው ሆስፒታል ማሠራት ጀመሩ። ሆስፒታሉ በማርች 2002 ተከፈተ።

በዚህ ታሪክ ለመምህራን ልብ ሊባል የሚገባው ሆስፒታሉ ከመነሻው ትምህርት ቤትም መሆኑ ነው። ነርሶችና አዋላጆች እዚያው ይሠለጥናሉ፤ ከጊዜ በኋላም ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። የተበተነ ሙያ የሚተካው በዚህ መንገድ ነው። በሶማሊላንድ ሰመመን የሚሰጡት በአብዛኛው ሐኪሞች አይደሉም፤ ለዚሁ ሥራ የሠለጠኑ ነርሶችና ባለሙያዎች ናቸው። በእኛም አገር እንዲሁ ነው፤ ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ ሆስፒታሎች በታማሚው ራስጌ የሚቆመው ብዙውን ጊዜ አንስቴቲስቱ ነው። ጌደል በግንባር ላይ ሠንጠረዡን የሠራው ለእነዚህ መሰል ሰዎች ነበር።

በአገራችን ዘመናዊ ቀዶ ሕክምና ሰፋ ብሎ የታየው በ1896 ከዐድዋ ድል በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን መጥቶ በአዲስ አበባና በሐረር ቁስለኞችን ባከመ ጊዜ ነው። በ1910 ገደማ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ተቋቋመ። በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት ደግሞ የጤና ባለሙያን ከውጭ ማስመጣት ብቻ ሳይሆን በአገር ውስጥ ማፍራት መሠረት ያዘ። በኋላ በጎንደር፣ በጅማ፣ በአዲስ አበባና በሌሎችም ተቋሞች የሰመመን ሙያ በዲግሪ ደረጃ መሰጠት ጀመረ።

መሣሪያውም ዘግይቶ ቢሆን መጥቷል። በ2010 የወጣ አንድ ጥናት በዓለም 77,700 ያህል የኦፕራሲዮን ክፍሎች ኦክሲሜትር እንደሌላቸው ገምቶ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 ያወጣው የኦፕራሲዮን ደኅንነት መቈጣጠሪያ ዝርዝር፣ ማደንዘዣ ከመሰጠቱ በፊት ኦክሲሜትሩ መታሰሩና መሥራቱ እንዲጠየቅ ያዝዛል። ዝርዝሩ የታንዛንያዋ ኢፋካራ ባለችበት በ8 ከተሞች ተሞክሮ ከኦፕራሲዮን በኋላ የሚደርሰው ሞት ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ ወርዷል። በ2011 የተቋቋመው ላይፍቦክስ የተባለው ድርጅት ኦክሲሜትሮችን ከሥልጠና ጋር ያድላል፤ ኢትዮጵያም ከሚሠራባቸው አገሮች አንዷ ናት። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴርም በ2016 የኦክሲጅንና የኦክሲሜትር አገልግሎትን ለማስፋፋት ብሔራዊ ዕቅድ አውጥቷል።

ነገር ግን ባትሪው ያለቀ፣ የጣት ማሠሪያው የተሰበረ ወይም ድምፁ ስለሚረብሽ የተዘጋ መሣሪያ ጠባቂ አይደለም። መሣሪያው ሲጠፋ የሚቀሩት የስኖው ዐይን፣ የኩሺንግ ስቴቶስኮፕና የአልድሬቴ ነጥብ ናቸው። እነዚህ በጉምሩክ አይገቡም፤ በትምህርት ቤት ይገኛሉ።

በክፍል ውስጥ ምን እናድርግ?

የነገው አንስቴቲስትና ነርስ ዛሬ በእኛ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ተማሪ ነው። ስለዚህ የባዮሎጂም የታሪክም መምህር በአንድ ክፍለ ጊዜ የሚከተለውን ቢያደርግ መልካም ይመስለናል።

ተማሪዎች ሁለት ሁለት ሆነው ይቀመጡ። አንደኛው የጓደኛውን ትንፋሽ አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቁጠር፤ ተቈጣሪው ይወቅ። ቀጥሎ የእጁን ትርታ የሚቈጥር መስሎ፣ ጣቱን ከደም ሥሩ ሳያነሣ፣ ደረቱን በዐይኑ ብቻ እያየ እንደገና ትንፋሹን ይቁጠር። ሁለቱ ቁጥሮች ብዙ ጊዜ ይለያያሉ፤ ሰው እየታየ መሆኑን ሲያውቅ አተነፋፈሱ ይለወጣልና። የሠለጠኑ ነርሶች ሁለተኛውን ዘዴ የሚጠቀሙት በዚህ ምክንያት ነው። ዕረፍት ላይ ያለ ዐዋቂ ሰው በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። ቁጥሩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በሠንጠረዥ ይጻፍ፤ ማን ስንት ሰከንድ ብቻ ቆጥሮ እንዳባዛውም ይጠየቅ።

ከዚያ መምህሩ የሃይደራባድን ክርክር አንሥቶ ክፍሉን በሁለት ወገን ይክፈል፤ አንዱ ለትንፋሽ፣ ሌላው ለልብ ትርታ ይከራከር። ክርክሩ ሲያበቃ የሌቪን የ1911 ግኝት ይንገራቸውና ሁለቱም ወገኖች ምን እንደ ጎደላቸው በጽሑፍ እንዲመልሱ ያድርግ። ሰዓት ያለው ስልክ ወይም የግድግዳ ሰዓት፣ ሰሌዳና ጠመኔ ይበቃል፤ ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም።